ያገለገለ ፕራዶ፣ ቪ8 ወይስ ኤሌክትሪክ? መወሰን አቃተኝ

የሰሚቱ አባወራ፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪና የምታውቁ፣ በተለይ ትልቅ መኪና ይዛችሁ የኖራችሁ ሰዎች፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ። አሁን የምነዳው ቪትስ ነው። በመኪናዋ አላማርርም። ግን ሦስት ልጆች አሉኝ፣ የመጀመሪያው ቁመቱ እኔን ሊደርስብኝ ነው፣ እናቴም ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ቆየች። ጉልበቷን ያማታል። ቪትስ ውስጥ ገብታ እስክትወጣ ድረስ እኔም አብሬያት ነው የምታመመው። ቤተሰቡ አንድ ላይ የሆነ ቦታ መሄድ ሲፈልግ ሁልጊዜ ሌላ መኪና መጥራት አለብን።

ሥራዬ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ማቅረብ ነው። አብዛኛው መንገዴ ከሰሚት ቦሌ፣ ገርጂ፣ አንዳንዴ ለቡ ነው። ከከተማ የምወጣው ቡታጅራ ለመሄድ ነው፣ የእናቴ ዘመዶች እዚያ ናቸው። ከአስፋልቱ ወረድ ሲባል ትንሽ የጠጠር መንገድ አለው፣ ክረምት ላይ ይጨቀያል።

ሦስት ነገር እያወጣሁ እያወረድኩ ነው። አንደኛው በፈረንጆቹ የ2014 ሞዴል ፕራዶ፣ ባለ 2.7 ቤንዚን። ሁለተኛው አይዲ 6፣ ኤሌክትሪኩ ፎልክስዋገን። ሦስተኛው ቪ8 ነው፣ ማለትም ላንድክሩዘር 200። እውነቱን ለመናገር ልቤ እሱ ላይ ነው። ላንድክሩዘር ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው መኪና ነው፣ ያለኝን ሁሉ ካሟጠጥኩም እደርስበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን መጠባበቂያ የሚባል ብር አይኖረኝም።

አንዱ ወዳጄ «የነዳጅ መኪና በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አይገባም፣ ያለው ዋጋው እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ዝም ብለህ ግዛ» ይለኛል። ሌላው «ነዳጁ ይጨርስሃል» ይላል። ባለቤቴ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አልስማማም ብላለች። እናንተስ?

ባለጋራዥ፦

ወንድሜ ሰላም። ጋራዥ ነው የምሠራው፣ አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው ቶዮታ ስር ነው። የማውቀውን ልንገርህ።

ቪ8 ጠንካራ መኪና ነው፣ በዚህ ማንም አይከራከርህም። በፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2021 ነው የተመረተው፣ ናፍጣው ባለ 4.5 ሊትር ሁለት ቱርቦ ነው። ዋናውም ተጨማሪውም ታንከር ሲሞላ 138 ሊትር ይይዛል። ይህን በዛሬው የሊትር ዋጋ አባዛውና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ለባለቤትህ አሳያት። በቦሌ መጨናነቅ በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ከሄደልህ ጥሩ ነው። ነዳጁ ግን ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ነው። የማያስበው የቀረውን ነው። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ አሞርዛተሩ፣ ኩሽኔታው ሁሉ በዚያ ክብደት ልክ ነው የሚሠራውም የሚሸጠውም። እኔ ጋ የሚመጡት ባለቤቶች የሚደነግጡት በሞተር አይደለም። አራት ጎማ አንድ ላይ ሲቀይሩ ነው። መጠባበቂያ አይኖረኝም ያልካትን ነገር በጣም አስብባት። ትልቅ መኪና ገዝቶ ማደሻ ያጣ ሰው ርካሽ ዕቃ ማስገጠም ይጀምራል፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ጠንካራ መኪና ሌላ መኪና ይሆናል።

ፕራዶ 2.7 ሞተሩ ቀላል ነው። ቱርቦ የለው፣ ውስብስብ ነገር የለው። ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ የትም ከተማ ብትሄድ የሚፈታው መካኒክ አታጣም። ግን ደካማ ነው፣ ይህን ማንም ሻጭ አይነግርህም። ፋብሪካው 163 የፈረስ ጉልበት ይላል፣ ያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ሲለካ ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር፣ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ሩብ የሚጠጋው ጉልበት አዲስ አበባ ላይ የለም። ሰባት ሰው ጭነህ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በደንብ ይገባሃል። ባለ 4.0 ቪ6ቱ ይሮጣል፣ ነዳጅ አወሳሰዱ ግን ከቪ8 ጋር ያወዳድርሃል።

ባለ 3.0 ናፍጣ ፕራዶ ካጋጠመህ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ። ኢንጀክተሩ ስር የመዳብ ዋሸር አለ። በጊዜው ካልተቀየረ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። የታወቀ በሽታ ነው። «መቼ ተቀየረ?» ስትለው የሚያወላውል ሻጭ ካለ፣ የማሠሪያውን ሒሳብ ከዋጋው ላይ ቀንስ ወይ ተወው።

ስለ ኤሌክትሪኩ የያዙት ይንገሩህ።

የሦስት ልጆች እናት፦

አይዲ 6 ነው የምነዳው፣ አያት ነው ቤቴ፣ የአንተ ዓይነት ቤተሰብ ነው ያለኝ። ስለዚህ በደንብ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ስለ እናትህ። ሁላችሁም ትልቅ መኪና ለትልቅ ሰው ይመቻል ትላላችሁ፣ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቪ8 ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቪትስ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው፣ ቪ8 ላይ ደግሞ መውጣት ከባድ ነው። መርገጫ ተገጥሞለትም እጀታ ይዛ፣ አንድ ሰው ከኋላ ደግፏት ነው። ለእማማ የሚሻለው መቀመጫው ከወገቧ ጋር እኩል የሆነ መኪና ነው፣ ዞራ ቁጭ ብላ እግሯን ብቻ የምታስገባበት። አይዲ 6 እዚያ ልክ ነው፣ ፕራዶም ከቪ8 ይሻላል። ከመግዛትህ በፊት እናትህን ይዘሃት ሂድ። ሻጩ ቢያጉረመርምም ግድ የለም፣ ገብታ ትውጣ።

ወጪው አይወዳደርም። ማታ ቤቴ እሰካለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ፣ የነዳጅ ሰልፍ ረስቻለሁ። ባለጋራዡ ያልከው የከፍታ ነገር እዚህ የለም፣ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ዳገት ላይ ሰባት ሰው ጭኖ ይሄዳል።

የማይወደደውንም ልንገርህ። ይህ መኪና ለቻይና ገበያ ብቻ ነው የተሠራው። ሥክሪኑ ቻይንኛ ነው የሚመጣው። የመሰኪያው ቀዳዳም የቻይና ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ቻርጀር ሁሉ ሊገባልህ አይችልም፣ የትኛው ጋ እንደሚሠራ አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። መብራት ወይ መስታወት ቢሰበርብህ ዕቃው እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ሻጭ የሚነግርህ የኪሎ ሜትር ቁጥር ደግሞ በቻይና አለካክ ነው፣ በእኛ ዳገትና በሞላ መኪና ያን ያህል አትጠብቅ። ቢሆንም ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁን ባትሪ ከገዛህ ሞልተህ ወጥተህ፣ ቁጠባ ካወቅክበት ሳትሰካ ትመለሳለህ።

የጠጠሩ መንገድ ነው የሚያሳስበኝ። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከሆድ በታች ነው፣ መኪናውም ዝቅ ያለ ነው። ድንጋይ የወጣበት መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ካልሄድክ በጣም ውድ የሆነውን ዕቃ ነው የምትመታው። ያ መንገድ ምን ያህል ክፉ ነው?

እና አንድ ነገር፣ ከምንም በላይ። ቦኔቱ ከፍ ያለ መኪና ከፊት ለፊቱ የቆመ ትንሽ ልጅ አያሳይም። ግቢ ውስጥ ልጆች የሚሯሯጡብህ ከሆነ ቪ8ም ሆነ ፕራዶ ስትገዛ የፊት ካሜራ አስገጥም፣ የኋላ ብቻ አይበቃም። መኪና ከመነሳቱ በፊት ልጆቹ የት እንዳሉ በዓይን ማየት በቤታችን ሕግ ነው።

የቡናው ሰው፦

እኔ ለሥራ ቦንጋ ነው የምመላለሰው። ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጅማ በኩል። ግቤን ወርዶ መውጣት አለ፣ ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ማሳው ድረስ ጭቃ ነው፣ ከፋ ውስጥ ዝናቡ ቶሎ አያባራም። ናፍጣ ፕራዶ ነው የያዝኩት፣ ባለ 2.8። እኔ ጋ ፕራዶ ቅንጦት አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። ያ መኪና ባይኖረኝ ቡናው በሚደርስበት ወቅት እዚያ መድረስ አልችልም። ቢበላሽብኝ ጅማ ላይ የሚሠራው ሰው አለ። ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ የምሰማው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ እውነት ነው፣ ከጅማ ወዲያ ግን የት ትሰካለህ?

ወንድሜ ግን አንተ የጻፍከውን መልሼ አነበብኩት። ሰሚት፣ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ለቡ። አራቱም አስፋልት ነው። ለአንተ ሕይወት አራት በአራት በዓመት ስንት ጊዜ ያስፈልግሃል? ቡታጅራ ክረምት ላይ ስትሄድ የጠጠሩን መንገድ ዘመዶችህ በባጃጅ ሊያሻግሯችሁ ይችላሉ፣ ወይ ለዚያች ቅዳሜና እሁድ መኪና ትከራያለህ። ሰው በየቀኑ ለሚሄድበት መንገድ ነው መኪና መግዛት ያለበት። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያጋጥም ጭቃ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቶን ብረት ከተማ ውስጥ መጎተት እኔን አይታየኝም።

ተቋራጭ ነኝ፦

ሁሉም ሰው ስለ ነዳጅ ብቻ ነው የሚያወራው፣ እኔ ስለ ሥራው ልናገር። በእኛ ሙያ የሰው ግምት እንጀራ ነው። ሳይት ላይ ቪ8 ይዘህ ስትደርስ በሩ ይከፈታል፣ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ ይቀበልሃል፣ የቅድሚያ ክፍያ ስትጠይቅ «ይህ ሰው ብሬን ይዞ አይጠፋም» ይላል። ትክክል ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ ቪ8 ከያዝኩ ወዲህ ያገኘኋቸው ሥራዎች አሉ፣ መኪናው ሳይኖር አላገኛቸውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ላይ ብር ባንክ ብታስቀምጠው ዋጋው እንደሚወርድ አይተናል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ መኪና የነበረው ሰው አልተጎዳም። ቪ8 ነገ ብትሸጠው ገዢ አታጣም። ኤሌክትሪኩን ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ነው የሚገዛህ? በየዓመቱ የተሻለ ባትሪ ያለው አዲስ ሞዴል ይገባል።

የሦስት ልጆች እናት፦

ተቋራጭ ወንድሜ፣ ስለ መሸጫ ዋጋ ያልከው እውነት አለው፣ እኔም ስገዛ አስቤበታለሁ። ኤሌክትሪክ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። ግን በነዳጅ የማላወጣው ብር በየወሩ እጄ ላይ ነው የሚቀረው፣ ያንን መቁጠር አለብህ። ስለ ግምት ያልከው ላይ ግን አልስማማም። እሱ ዕቃ አቅራቢ ነው። ዕቃው በሰዓቱ ከደረሰ፣ ጥራቱ ናሙናው ላይ እንደታየው ከሆነ፣ ደንበኛ ተመልሶ ይደውላል። መጠባበቂያ ብሩን መኪና ላይ ጨርሶ የሚቀጥለውን ዕቃ መግዣ ያጣ ቀን፣ ቪ8ቱ ያመጣለትን ደንበኛ በምን ያገለግለዋል?

ተቋራጭ ነኝ፦

ይህን አልቃወምም። ሥራ ማስኬጃ ብሩን ነክቶ መግዛት አለበት አላልኩም። እኔ ስገዛ ሌላ ብር ነበረኝ።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ፦

ማንም ያልነካው ነገር ላንሳ። ዓመታዊ ኢንሹራንስ። የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፣ እሱ ትንሽ ነው። ሙሉ ሽፋን ስትገባ ግን ክፍያው የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ነው። ብዙ ሰው ክፍያውን ለመቀነስ ብሎ ዋጋውን አሳንሶ ያስመዘግባል፣ ወይም የዛሬ ሦስት ዓመት የተገመተበትን ዋጋ ሳይቀይር ያድሳል። ከዚያ አደጋ ሲደርስ ይደነግጣል። ገበያ ላይ የሚያወጣውን በግማሽ ካስመዘገብክ፣ ለተሰበረው ነገርም የሚከፈልህ ግማሽ ገደማ ነው። ስፖኪዮ ብትሰረቅ እንኳን ያው ነው። የትልቅ መኪና ስፖኪዮ ደግሞ፣ መስታወቱም ካሜራውም አብሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሦስቱን መኪናዎች ስታወዳድር በዛሬ ዋጋቸው የሙሉ ሽፋን ግምት አስቀርበህ አወዳድር።

ሌላው ሊብሬው ነው። ፕራዶና ቪ8 ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ ከቀረጥ ነፃ የገቡ አሉ። ዋጋቸው ቀነስ ብሎ ሲታይ ያጓጓል። መብቱ የሌለው ሰው ሲገዛው ግን ስም ሲዛወር ቀረጡ ይጠየቃል፣ ያ ቀረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። ደላላው «በውክልና ይዘህ ንዳው፣ ምንም ችግር የለም» ይልሃል። በፍጹም አትስማ። ውክልና የሰጠህ ሰው ነገ ሊሽረው ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል፣ ያኔ መኪናው የወራሾቹ ነው። ውልና ማስረጃ ገብታችሁ፣ ስሙ ተዛውሮ፣ ሊብሬው ላይ ያንተ ስም ሲጻፍ ብቻ ነው ገዛሁ የምትለው። ከዚያ በፊት ከባንክ ዕዳ ነፃ መሆኑን፣ ዕግድ እንደሌለበት ራስህ ሄደህ አጣራ።

የሰሚቱ አባወራ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ይህን ያህል ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። ቪ8ን ትቼዋለሁ። ስለ ሥራ ማስኬጃ የተባለው ነገር ወሰነልኝ፣ ዕቃ ለማስመጣት የያዝኩትን ብር መንካት አለብኝና። ምኞቱ ይቆይ።

አሁን የቀረው አይዲ 6 ወይስ ፕራዶ ነው። እህቴ፣ የጠጠሩ መንገድ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ነው፣ በጋ ላይ ቪትሷም ትሄድበታለች። ክረምት ላይ አንድ ቦታ ውኃ ያቋርጠዋል። ቤቴ የራሴ ግቢ ነው፣ የራሴ ቆጣሪም አለኝ። ለመሰካት ምን ማዘጋጀት አለብኝ? ባለጋራዥ ወንድሜ፣ ፕራዶውን ለማየት ብሄድ ምን ልመልከት? አንተ ጋ ይዤው ልመጣ እችል ይሆን?

የሦስት ልጆች እናት፦

ቪትስ የምትሄድበት ከሆነ በጋ ላይ አትስጋ። ውኃ የሚያቋርጥበት ጊዜ ላይ ግን አትግባበት፣ ጥልቀቱን ሳታውቅ ማንኛውንም መኪና ማስገባት አደጋ ነው።

ስለ መሰኪያው፣ የታወቀ ኤሌክትሪሽያን ጥራ። ከቆጣሪው ጀምሮ ለመኪናው ብቻ የሚሆን ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ ኧርዝ ያስፈልገዋል። የምድጃውን ሶኬት ወይ ማራዘሚያ እንዳትጠቀም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚመጣውን ኃይል የሚቆጣጠር ነገርም አስገጥም። መኪናውን ስታይ የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር የሚያነብ ባለሙያ ይዘህ ሂድ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው አይነግርህም። ሆዱን ደግሞ በሊፍት አስነስተህ ተመልከት፣ ተመትቶ የተቀባ ቦታ ካለ ተወው።

ባለጋራዥ፦

ይዘኸው ና፣ ችግር የለም። የት እንደሆንኩ በግል እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ ግን ራስህ ልታያቸው የምትችላቸው ነገሮች አሉ።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሂድ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ የቀዘቀዘ ሞተር ድምፅ ሊደብቅህ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በለው። የሻንሲ ቁጥሩን ሻንሲው ላይ ራሱ አንብብ፣ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ቁጥሩ አካባቢ የተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም ካለ እዚያው አቁም። ከስር ገብተህ ሻንሲው የተበየደበት ካለ እይ። የተገለበጠ መኪና ላሜራው ተስተካክሎ ተቀብቶ ሊያምር ይችላል፣ ሻንሲው ግን ይናገራል። የአራት በአራቱን ከባድ ማርሽ (ሎው) አስገባና ጠጠር ላይ ትንሽ ንዳው፣ ብዙ የከተማ ፕራዶ ለዓመታት ሳይነካ ስለሚቆይ አልገባም ይላል።

ጎማውን ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ በረጅም መንገድ ይፈነዳል፣ ከፍ ያለ መኪና ላይ ጎማ ፈነዳ ማለት ደግሞ መገልበጥ ነው። ያረጀ ከሆነ የአራት ጎማ ዋጋ ሶማሌ ተራ ጠይቀህ፣ ያንን ቁጥር ይዘህ ወደ ድርድሩ ግባ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚቀንስልኝ ያኔ ብታመጣው ተረጋግቼ አየዋለሁ።